ጃማይካ ልትሄዱ ካሰባችሁ ከማታው ጀምሩ

ካሪቢያን ለመዝናናት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሆቴል ፎቶ ነው። ገንዳው፣ አልጋው፣ በመስኮት የሚታየው ባሕር። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ጃማይካ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ የት መሆን እንደምትፈልጉ ወስኑ። ከዚያ ማደሪያችሁን እዚያው አጠገብ ያዙ። ቀኑ ራሱ ይሞላል።

እንዲህ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃማይካ ውስጥ ቀን የትም ይኬዳል። ሚኒባስ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ሹፌር ቀጥሮ መዋልም ይቻላል። ማታ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከከተማ ወጣ ሲባል መንገዱ ጨለማ ነው። ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ጉድጓድ ይበዛዋል። የሚነዳውም በግራ በኩል ነው። ከአሜሪካ ለሄደ ሰው ይህ በቀንም ያስጨንቃል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሩም ከተቀመሰ በኋላማ ጭራሽ አይሞከርም። ታክሲውም በዚያ ሰዓት የሚጠራው ዋጋ የቀኑ አይደለም። ከሙዚቃው እስከ አልጋችሁ በእግር የሚደረስ ከሆነ ግን ሰዓት አታዩም። ደከመን ያሉት ተያይዘው ቀድመው ይገባሉ፤ የቀረው ይቀጥላል። ማንም ማንንም አይጎትትም።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ። ሐበሻ ሒሳብ ሲመጣ የሚፈጠረውን ግርግር ታውቁታላችሁ። አንዱ «ሙት፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» ይላል። ሌላው ቢሉን ከአስተናጋጁ እጅ ይነጥቃል። ለአንድ ማታ ደስ ይላል። ለአንድ ሙሉ ጉዞ ሲሆን ግን አንዱ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል፣ ሌላው ተሸማቆ ዝም ይላል፣ ቂሙ አሜሪካ ድረስ ይመጣል። እኛ እንደ እቁብ አደረግነው። ከጉዞው ወራት ቀደም ብለን በየወሩ እኩል ማዋጣት ጀመርን። ገንዘቡን የምትይዝ ጸሐፊ መረጥን፤ በሒሳብ የማትቀልድ ልጅ ናት። ቤቱ፣ የኤርፖርት መጓጓዣው፣ የጋራ ምግቡ፣ የጀልባው ዋጋ ሁሉ ከዚያ ወጣ። መጠጥና ስጦታ የየራስ ሆነ። የሚቀር ሰው እስከ መቼ መናገር እንዳለበትም ቀድመን ተስማማን። ሐሳቡን የሚለውጥ ሁሌም ይኖራልና ይህችን ደንብ አትዝለሏት።

ሌላም ያደረግነው ነገር አለ። እያንዳንዱ ሰው «ይህን ሳላደርግ ብመለስ ቅር ይለኛል» የሚለውን አንድ ነገር ብቻ እንዲናገር ጠየቅን። አንዷ ባሕር ዳር ተኝታ ማንበብ ፈለገች። አንዱ እስኪነጋ መጨፈር። አንዱ የቦብ ማርሊን ቤት ማየት። አንዷ ደግሞ ኪንግስተን ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ማስቀደስ። ዕቅዱ የተሠራው በእነዚህ ላይ ነው። «ሁላችንም ካልሄድን ሁላችንም እንቅር» የሚለውን ልማድም ተውነው። የፈለገ ይሄዳል፣ ያልፈለገ ይቀራል፣ እራት ላይ እንገናኛለን።

ስለ ወረቀት ባጭሩ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ችግር የለበትም። ግሪን ካርድ ወይም ሌላ ፓስፖርት የያዘ ግን ቲኬት ሳይገዛ የጃማይካን ኤምባሲ ይጠይቅ። አየር መንገድ በር ላይ «ቪዛህስ?» ከመባል አስቀድሞ መደወል ይሻላል። ግሪን ካርዳችሁን ቤት ትታችሁ እንዳትወጡ፤ መመለሻው እሱ ነው። የመግቢያ ቅጹ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ ይሞላል። ስልክ ላይ ሞልቶ የመጣ ሰው ሰልፉ ላይ ይቀለዋል።

ጊዜውን በጥንቃቄ ምረጡ። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ደግሞ ሰሜን አሜሪካ ቅዝቃዜ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፋል፤ ዋጋው ይሰቀላል። በሁለቱ መካከል ጠበብ ያለች ጊዜ አለች፤ የዲሴምበር መጀመሪያ። እኛ የሄድነው ያኔ ነው። ባሕሩ ሞቃት ነው፣ ዝናቡ ቀለል ብሏል፣ ሆቴሉ ገና አልሞላም። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይም ጥሩ ነው ይላሉ የሄዱት። ከዋሽንግተን አካባቢ ሞንቴጎ ቤይ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጃማይካ እንደ አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ አትቀያይርም፤ በቅዝቃዜው ወራት ከዋሽንግተን ጋር እኩል ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የት ትረፉ?

ብዙ ሰው የሚመርጠው ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለውን ነው። ምግብ፣ መጠጥ፣ ጨዋታ ሁሉ በአንድ ክፍያ። ለትንንሽ ልጆች ወላጆችና ማረፍ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው፤ አልነቅፈውም። ማታው ግን ግቢ ውስጥ ነው የሚያልቀው። የሆቴሉ ባንድ፣ የሆቴሉ ዲጄ፣ የሆቴሉ እንግዳ። የአገሩ ሰው ውጭ ነው፤ ሙዚቃውም ውጭ ነው። ለጭፈራ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ የከፈላችሁበትን እራትና መጠጥ ትታችሁ ውጭ ሌላ ገንዘብ ታወጣላችሁ። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ሞንቴጎ ቤይ ለኤርፖርት ቅርብ ናት። የማታው መንገድ ጂሚ ክሊፍ ቡሌቫርድ ይባላል። ድሮ ግሎስተር አቬኑ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2019 በዘፋኙ በጂሚ ክሊፍ ስም ተሰየመ። ሰው ግን ዛሬም ሂፕ ስትሪፕ ይለዋል። እዚያው ዶክተርስ ኬቭ የሚባለው የታወቀ ባሕር ዳርቻ አለ፤ መግቢያ ይከፈላል፣ ውኃው ጥርት ያለ ነው። አጭር ጊዜ ላለው ሰው ሞንቴጎ ቤይ ይበቃል። ኦቾ ሪዮስ የቀን ከተማ ናት። ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ጠዋት ሕዝብ ያራግፋሉ፣ ማታ ይዘውት ይሄዳሉ። ኪንግስተን የሙዚቃው እናት ናት፤ ግን ባሕር ዳር ተንጋልሎ ለመዋል የሚሄዱባት ከተማ አይደለችም።

እኛ ኔግሪልን መረጥን። ከሞንቴጎ ቤይ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ምዕራብ ነው። ከተማዋ ሁለት ፊት አላት። አንደኛው ሰባት ማይል ቢች የሚባለው አሸዋ ነው። ርዝመቱ ስሙን ባያክልም ጫማ አውልቆ ብዙ ሰዓት ያስኬዳል። ሁለተኛው ዌስት ኤንድ የሚባለው የገደሉ ወገን ነው። እዚያ አሸዋ የለም፤ ከድንጋዩ ላይ በመሰላል ቀጥ ብሎ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። ጸጥታ የሚፈልግ ገደሉ ላይ ይረፍ። ማታ የሚፈልግ አሸዋው ላይ።

የኔግሪል ማታ ደስ የሚለው ተራ በተራ መሆኑ ነው። አሸዋው ላይ የተደረደሩት ባሮች ሁሉም በየቀኑ ባንድ አያመጡም። ዛሬ አንዱ ጋ ነው፣ ነገ ሌላው ጋ። ጠዋት አሸዋው ላይ ስትሄዱ የምታገኙትን ሰው «ዛሬ ማታ ባንዱ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ያውቃል። ባንዱ 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል ቢባል 5 ሰዓት ነው በሉት። ቀድማችሁ እራት ብሉ፣ ትንሽ ተኙ። የሚደምቀው ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ነው። ባዶ እግራችሁን አሸዋ ላይ ቆማችሁ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ከእግር እስከ ደረት ይወጣል። አጠገባችሁ አያት የሚሆኑ ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲወዛወዙ ታያላችሁ። ማንም ልብስህ ምንድነው አይልም። ጥብቅ ልብስና ተረከዝ ጫማ ይዘው የመጡ ሴት ጓደኞቼ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ መለሱት። ለአሸዋ የሚሆን ቀላል ቀሚስ ያዙ። ሹሩባ ተሠርታችሁ ብትሄዱ ደግሞ ከጨው ውኃ ጋር ከመታገል ትድናላችሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ሁሉም የሚሄደው ዌስት ኤንድ ያለው ሪክስ ካፌ ነው። ከፈረንጆቹ 1974 ጀምሮ አለ። ሰው ከገደሉ ላይ ወደ ባሕር ይዘላል፤ ከፍተኛው ቦታ ወደ 35 ጫማ፣ አሥር ሜትር አለፍ ያለ ነው። በዲሴምበር ፀሐይዋ የምትገባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ መቀመጫ የለም። የእኔ አስተያየት፦ ለፀሐይዋ ሂዱ፣ አንድ ነገር ጠጡ፣ እራታችሁን ግን ሌላ ቦታ ብሉ። ሕዝቡ በጣም ይበዛል። ዋና በደንብ የማይችል ሰው ደግሞ በጓደኛ ግፊት እንዳይዘል አደራ።

ዋና ካነሳን አይቀር እዚህ ላይ ልቆይ። ብዙዎቻችን ከባሕር ርቀን ነው ያደግነው። ብዙ ሐበሻ ዋና አይችልም፤ ይህን በሰው ፊት መናገርም ይከብደዋል። ስትነሱ በግልጽ ተጠያየቁ። ማን ይችላል፣ ማን አይችልም? እኛ ውስጥ የሚችሉት ጥቂት ነበሩ። ለዚህም ኔግሪል ጠቀመን። አሸዋው በኩል ባሕሩ ለረጅም ርቀት ከወገብ አይዘልም፣ ማዕበሉም ለስላሳ ነው። ጀልባ ላይ ስትወጡ ላይፍ ጃኬቱን ልበሱ፣ ማሰሪያውንም አጥብቁ። ስኖርክል፣ ማለትም በቱቦ እየተነፈሱ ውኃ ውስጥ ማየት፣ ለመሞከር የፈራችው ጓደኛችን ላይፍ ጃኬት ለብሳ፣ አስጎብኚው እጇን ይዟት ፊቷን ውኃ ውስጥ ከተተች። ስትወጣ የምታወራው ስለ ዓሣዎቹ ቀለም ብቻ ነበር። መጠጥ የቀመሰ ሰው ማታ ባሕር እንዳይገባም ተስማምተን ነበር፤ ሁላችንም አከበርነው።

ስለ ፀሐይዋም ልንገራችሁ። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚሉትን አትስሙ። ይቃጠላል። ትከሻና አፍንጫ ላይ ይላጣል። የፀሐይ ክሬም ከአሜሪካ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ቱሪስት ሰፈር ውድ ነው። ምሽት ላይ ትንኝ አለ፤ መከላከያ ቅባት ያዙ።

ኔግሪል ሳለን ከማደሪያ ርቀን በማታ የወጣነው ለአንድ ነገር ነው። ፋልማውዝ አጠገብ ሉሚነስ ላጉን የሚባል ውኃ አለ። የማርታ ብሬ ወንዝ ከባሕር ጋር የሚገናኝበት ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ውስጡ ይኖራሉ፤ ውኃው ሲንቀሳቀስ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። ጀልባው ሲሄድ ከኋላው ብርሃን ይጎተታል። እጅህን ስትነክር ጣቶችህ ያበራሉ፤ ስታወጣው ከእጅህ የሚንጠባጠበው ውኃ ለቅጽበት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ስልክ ፎቶውን አይዝም፤ አትልፉ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሂዱ፤ ሙሉ ጨረቃ ከሆነች ብርሃኑ ይደበዝዛል። የጉዞ ቀናችሁን ስትመርጡ የጨረቃዋንም ቀን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ቀኑን እንዲህ አደራጀነው። ሹፌር ለሙሉ ቀን ቀጠርን። ከሰዓት በኋላ እዚያው ማርታ ብሬ ወንዝ ላይ የቀርከሃ ታንኳ ተሳፈርን። ሦስት ማይል ያህል ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቀዛፊው ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ ያወራችኋል። ከዚያ እራት፣ ከዚያ ላጉኑ፣ ከዚያ በዚያው መኪና ወደ ቤት። ሹፌሩ መንገዱን ያውቃል፣ እኛ ኋላ ተኝተን ገባን። ዋጋውን ደግሞ ጠዋት ሳንነሳ ነው የተስማማነው፤ ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ጨምረን።

ኦቾ ሪዮስ ያለው ደንስ ሪቨር ፏፏቴ የታወቀ ነው። 180 ሜትር ያህል ድንጋይ ለድንጋይ እየተወጣ፣ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። መግቢያ ይከፈላል። መርከብ በማይገባበት ቀን ጠዋት በር ሲከፈት ሂዱ፤ የውኃ ጫማ ያዙ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከኔግሪል ሩቅ ነው።

ስለ ምግብ ግን ብዙ አለኝ። ጀርክ የሚሉት በቅመም የታሸ ዶሮ የሚጠበሰው ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ላይ ነው። እውነተኛው ከሰሉ ፒሜንቶ የሚባለው የአገሩ ዛፍ እንጨት አለበት፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ሻጩ ዶሮውን እንጨት ላይ ያስቀምጠውና በትልቅ ቢላ አጥንቱን ጨምሮ ይከታትፈዋል። ፎይል ውስጥ ከወፍራም የዳቦ ቁራጭ ጋር ጠቅልሎ ይሰጣል። ስኮች ቦኔት የሚባለው በርበሬያቸው ሚጥሚጣ የለመደን ሰው እንኳ ያስለቅሰዋል። ለቁርስ አኪ በደረቅ ዓሣ ብሉ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ነው። አኪ ፍሬ ነው፣ ሲበስል እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ዛፉ ላይ በደንብ ሳይበስል የተቀጠፈው መርዛማ ስለሆነ ራሳችሁ ገዝታችሁ ልትሠሩት አትሞክሩ፤ ምግብ ቤት ብሉ። ዓሣ ተጠብሶ በኮምጣጤና ሽንኩርት ሲነከር ኤስኮቪች ይባላል፤ አሸዋው ላይ ስትበሉ እሱን አታስቀሩ።

የሄድነው በገና ጾም ነበርና አንዷ ጓደኛችን ትጾም ነበር። እዚያ ምን ልትበላ ነው ብለን ተጨንቀን ነበር። ያዳናት አይታል የሚባለው የራስታዎች ምግብ ነው። ሥጋ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም። ጨውም ትንሽ ነው፤ ወይም ጭራሽ የለም። ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ዱባ፣ ካላሉ የሚባል እንደ ቆስጣ ያለ ቅጠል፣ ሙዝ የሚመስለው ፕላንቴን። ኔግሪል መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ጎጆ ውስጥ አንድ ራስታ ሽማግሌ ከሸክላ ድስት ሲያወጡላት ኢትዮጵያዊት መሆኗን ሰሙ። ምግቡን አስቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ስለ ጾማችን ጠየቁ፤ በዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ስትነግራቸው ከልጃቸው ጋር ተያዩ። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሷ ነበር። ለሚጾም ሰው የምለው፦ «አይታል» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፣ ያለ ሥጋት ትበላላችሁ።

ይህ ወደ ሌላው ጉዳይ ይወስደኛል። ጃማይካ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ማለት እንደሌላ አገር አይደለም። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ ኪንግስተን ሲገቡ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦ መውረጃ አጡ። ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስታዎች መሪ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። ያ ቀን ጃንሆይን እንደ አምላክ ለሚያዩት ራስታዎች ዛሬም በዓል ነው። እኛ ስለ ንጉሡ በየቤታችን የምንከራከረው ብዙ ነው። ከመካከላችን አባቱ በዚያ ዘመን የታሰረበትም ነበር። ግን አንድ ሰው ቤቱ ጋብዞህ፣ ሻይ አቅርቦልህ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ በፍቅር ሲያሳይህ ክርክር የምትከፍትበት ቦታ አይደለም። አዳምጡ። ከጠየቋችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን በእርጋታ ተናገሩ። የማታምኑበትን እንዳመናችሁ አስመስላችሁ ማውራትም አይገባም፤ እምነታቸው ከልብ ነውና ውሸት አይገባውም። እኔ «በሃይማኖቴ እንደዚያ አላምንም፣ ግን አገሬን እንዲህ ስለወደዳችሁ አመሰግናለሁ» አልኩ። በአክብሮት ነው የሰሙኝ።

ለኪንግስተን የሳምንቱን መጨረሻ መደብን። ነትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባለው አውቶቡስ ዋና ዋና ከተሞችን ያገናኛል። ንጹሕ ነው፣ በሰዓቱ ይነሳል፣ ውስጡ ግን ስለሚበርድ ሹራብ ያዙ። ቅዳሜ ሆፕ ሮድ ቁጥር 56 ያለውን የቦብ ማርሊን ሙዚየም አየን። የኖረበት ቤት ነው። በዲሴምበር 1976 በጥይት የተተኮሰበት ጊዜ የቀረው ቀዳዳ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። አስጎብኚዋ ይዛን ስትዞር ጓደኛችን ስለ ጥምቀቱ ጠየቃት። ቦብ በኖቬምበር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል፤ ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። በሜይ 1981 ሲያርፍ ኪንግስተን ላይ ጸሎተ ፍትሐቱ በእኛው ሥርዓት ነው የተደረገለት። ያጠመቁት አቡነ ይስሐቅ ናቸው፤ ጃንሆይ ልከዋቸው ካሪቢያን ውስጥ ቤተ ክርስቲያኗን ያቋቋሙ አባት።

እሑድ ጠዋት ማክስፊልድ አቬኑ ወዳለው ቅድስት ሥላሴ ሄድን። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ብቻውን በእግር እንዲንከራተት አልመክርም፤ ሆቴሉ የጠራልን ታክሲ በር ላይ አወረደን፣ ሲያልቅም መጥቶ ወሰደን። ውስጥ የገባነው ጫማችንን አውልቀን ነው። ነጠላ የለበሱ የጃማይካ እናቶች፣ በእንግሊዝኛ የሚቀደስ ቅዳሴ፣ መካከል ላይ ደግሞ ግዕዙ። «እግዚኦ ተሠሃለነ» ሲባል ሕዝቡ ሳይሳሳት ሲመልስ ሰማን። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ጓደኞቼን አቅፈው አልለቅ አሉ። ለጾመችው ጓደኛችን ከጉዞው ሁሉ የበለጠው ይህ ነበር። ነጠላ ሻንጣችሁ ውስጥ ይኑር፤ ቦታ አይወስድም።

በዚያው እሑድ ማታ ጃክስ ሂል ተራራ ላይ ያለው ደብ ክለብ አለ። ከቅዳሴ በወጣንበት ቀን ጭፈራ አንሄድም ያሉ ቀሩ፤ ትክክል ናቸው፣ ማንም አልተከራከራቸውም። የሄድነው ግን የጃማይካን ሙዚቃ በትክክል የሰማነው እዚያ ነው እላለሁ። ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጀምሮ ኪንግስተን ውስጥ ባንድ መቅጠር የማይችለው ሕዝብ ትልልቅ ስፒከር መንገድ ላይ ደርድሮ በሸክላ ይጨፍር ነበር። ሳውንድ ሲስተም ይሉታል። ደብ ክለብም ይኸው ነው፤ ከሰው በላይ የሆኑ ስፒከሮች፣ ሸክላ፣ ከታች የኪንግስተን መብራት። የሚሰክር አላየሁም፣ የሚገፋፋ የለም፣ የአይታል ምግብም ይሸጣል። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2018 ሬጌን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ውስጥ የመዘገበው ለምን እንደሆነ እዚያ ቆሞ ማየት ይቻላል። ዳንስሆል የሚባለውን ፈጣኑን የጃማይካ ሙዚቃ ለሚፈልግ ደግሞ ኪንግስተን ውስጥ የጎዳና ጭፈራዎች አሉ። እነሱ ከሌሊቱ 7 እና 8 ሰዓት በፊት አይሞቁም፤ ከአገሩ ሰው ጋር ካልሆነ አትሂዱ።

ታክሲ ስትይዙ ሰሌዳውን እዩ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ቀይ ሰሌዳ ነው ያለው። ሜትር የለውም፤ ሳትገቡ ዋጋ ተስማሙ። የአሜሪካ ዶላር ቱሪስት ሰፈር ይቀበላሉ፣ ግን የሚመነዝሩበት ዋጋ ይጎዳል። ለትንንሽ ወጪ የጃማይካ ዶላር ያዙ፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 ገደማ የጃማይካ ነው። ሬስቶራንት ቢል ሲመጣ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ ከሆነ ተመልከቱ፤ ጉርሻ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ።

አሸዋው ላይ የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጌጥ፣ ጀልባ፣ ሹሩባ፣ ጋንጃ። ፊት ማዞር ያስቀይማቸዋል። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። «ጉድ ሞርኒንግ» ሳይሉ ጥያቄ መጀመር እዚያ እንደ ንቀት ነው። ከዚያ «ኖ ታንክ ዩ፣ ሪስፔክት» በሉ። እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ።

ጋንጃን በተመለከተ ሳልናገር አላልፍም፤ ልጆቻችን ሁሉ ጃማይካ ውስጥ ነፃ ነው ብለው ያምናሉ። ሕጉ በፈረንጆቹ 2015 የተሻሻለው ትንሽ መጠን፣ እስከ ሁለት አውንስ፣ የያዘ ሰው እንዳይታሰር ነው። ቅጣት አሁንም አለው። ኤርፖርት ይዞ መገኘት ደግሞ ፍጹም ሌላ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ነገር ኑሮውን ሊያጣ ይችላል። ማንም «ይህችን ዕቃ አድርስልኝ» ቢላችሁ አትቀበሉ፤ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ቆልፉ።

አሁን ለምትሄዱት የመጨረሻው ነገር። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2025፣ ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በምድብ 5 ኃይሉ ምዕራብ ጃማይካን መታ። የደሴቲቱ ታሪክ የሚያውቀው ከባዱ ነው። እኛ ከሄድን በኋላ የሆነ ስለሆነ እዚህ የጠቀስኳቸው ቦታዎች ሁሉ እንደነበሩ ናቸው ብላችሁ አትነሱ። በተለይ ከሞንቴጎ ቤይ እስከ ኔግሪልና ወደ ደቡብ ያለውን ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፦ ተከፍቷል? ባሩ ባንድ ያመጣል? መንገዱ ይሄዳል? ቡክ ስታደርጉ ገንዘብ የሚመልስ መሆኑን አረጋግጡ፣ የጉዞ ኢንሹራንስም ግዙ። ኢንሹራንሱን አውሎ ነፋሱ ስም ሳይወጣለት በፊት መግዛት አለባችሁ፤ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ለእሱ አይከፍልም። ከቻላችሁ ደግሞ በአገሬው ሰው የሚተዳደሩ ትንንሽ እንግዳ ማረፊያዎችን ምረጡ። ጣሪያቸውን ከራሳቸው ኪስ የሚጠግኑት እነሱ ናቸው፤ የእናንተ ኪራይም በቀጥታ እዚያ ይገባል።